ኮሶዬ የሰው ለቅሶ አለብን

ዓይናዲስ ሐብተ ማርያም ስለ ራሷ መናገር አትወድም። ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ አባቷ ቄስ መሆናቸውን እንኳ ያወቅሁት መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ አስቁመዋት "የቄስ ሐብቴ ልጅ አይደለሽም ወይ?" ሲሏት ነው። እኔ ተቃራኒዋ ነኝ። ቃልኪዳን እባላለሁ፤ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት አድላለሁ፤ አፌ ደግሞ አያርፍም። እሷ ዛሬ ሐኪም ለመሆን እየተማረች ነው። እንዴት እንደገባች ሰው ሲጠይቃት ጭራሽ ዝም ትላለች። ስለዚህ እኔ ልናገረው።

የምንኖረው ቁስቋም ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ እትዬ ውቢት ግቢ ውስጥ። እትዬ ውቢት የዓይናዲስ አባት የአክስት ልጅ ናቸው፤ ትውልዳቸውም እንደ እነሱ ኮሶዬ፣ ከጎንደር ወጣ ያለ ገጠር ነው። ዓይናዲስ በሙያዋ ጤና መኮንን ናት። ከሥራ አብረን ስንወጣ አንድ ነገሯ ያናድደኝ ነበር፤ የቁስቋምን ዳገት ስትወጣ አትፈጥንም። ሰውነቷ ቀጭን፣ እግሯ ረጅም፣ አንድም በሽታ የለባትም፤ ግን ቀስ ብላ፣ ቆም እያለች ነው የምትሄደው። "ምነው፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ?" እላታለሁ። "ለምጄው ነው" ትለኛለች። ከማን እንደለመደችው የገባኝ ያ ማመልከቻ ሲመጣ ነው።

አንድ የሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም አድርጎ ሊያስመርቅ ማስታወቂያ አወጣ። ዓይናዲስ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ሕክምና በጥቂት ነጥብ አምልጧት ስለነበር፣ ማስታወቂያውን ያየች ዕለት ምሳ አልበላችም። የጽሑፍ ፈተናውን ያለምንም ጭንቀት አለፈችው። ከቃለ መጠይቁ በፊት ግን አመልካቹ አስተዳደጉንና ሐኪም ለመሆን የፈለገበትን ምክንያት በአንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጽፎ ማስገባት አለበት። ያቺ አንዲት ገጽ አላላውስ አለቻት።

መጀመሪያ የጻፈችውን አምጥታ ሰጠችኝ። ከአባቴ ከቄስ ሐብተ ማርያም፣ ከእናቴ ከወይዘሮ እንኳየሁ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለድሁ፤ አንደኛ ደረጃን በዚህ፣ ሁለተኛ ደረጃን በዚያ ተማርሁ፤ ከዚያም በዚህ ሙያ ተመረቅሁ ይላል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

"ይሄ እኮ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው! 'ባደረባቸው ሕመም በጸበልና በሕክምና ሲረዱ ቆይተው' የሚለው ብቻ ነው የቀረሽ።"

እሷም ሳቀች። "ታዲያ ምን ልጻፍ?"

"ያደግሽበትን። ምን አይተሽ ሐኪም መሆን እንደፈለግሽ። ሰዎቹ አንቺን ነው ማወቅ የፈለጉት።"

"ገመናዬን ማለት ነው።"

"ገመና ከሆነም ገመናሽን። ሌላው አመልካች አይጽፍ መሰለሽ?"

ወረቀቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "እናቴ ሰላምታ ታበዛለች" አለችኝ።

"ይሄ ደግሞ ምን ገመና ነው?"

"መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አቁማ ሰላም ትላለች። ከብቶቹ ደኅና ናቸው? አዝመራው ሸጋ ነው? የአክስትህ እግር ተሻላት? ሰው ከጠፋ አጥር ውስጥ ያለውን ትጣራለች። አገሩ ሁሉ እንደ እንኳየሁ ሰው አክባሪ የለም ይላል። እኔ ልጅ ሆኜ እናደድባት ነበር፤ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ አያልቅልንም። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የልብ ድምፅ ተማርን። ለዕረፍት ቤት ስሄድ ማዳመጫውን እንደ ቀልድ ደረቷ ላይ አደረግሁት።" ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች። "ሰላምታ አይደለም ቃልዬ። ልቧ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የታመመ ልብ ይዛ፣ በሰላምታ እያመካኘች ትንፋሿን ስትሰበስብ ነው የኖረችው።"

በየወሩ ከእኔ መስኮት የምትገዛው የልብ መድኃኒት ለማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። "ለዘመድ" ነበር የምትለኝ። እናቷ ለማንም እንዳትናገር አስምለዋት ኖሯል። የቄስ ሚስት ዝክር ታወጣለች፣ ካህናት ታስተናግዳለች፣ ደክሞኛል አትልም። "ሰው አውቆ ከሚያዝንልኝ ብሞት ይሻለኛል" ብለዋታል። ከዓይናዲስና ከአባቷ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ግን ለቀቅ የማደርግ ሰው አይደለሁም። "ይሄንን ነው የምትጽፊው" አልኳት፣ እሷም ጻፈችው። እንግሊዝኛውን ጨርሳ ወደ አማርኛ እየመለሰች ስታነብልኝ መጨረሻው እንዲህ ይል ነበር፤ "በሽታን በጨዋነት የሚሸፍኑ ብዙ እናቶች አሉ። እኔ የአንዷ ልጅ ነኝ። ጎረቤቶቿ የእናቴ ጨዋነት እያሉ የሚያመሰግኑትን እኔ በማዳመጫ ሰምቼዋለሁ።" የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ፤ ስንት ሕመምተኛ አይቻለሁ፤ ግን አለቀስሁ። እሷ ግን ደስ አላላትም።

"ሳላስፈቅዳት ነው የጻፍሁት።"

"ማን ይነግራቸዋል? እንግሊዝኛ ነው።"

"እኔ ነኛ የምነግራት። ቃለ መጠይቁ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ ሄጄ በአማርኛ አነብላታለሁ። ካልፈቀደችልኝ ጽሑፌን መልሱልኝ ብዬ ማመልከቻዬን አነሣለሁ።"

"አብደሻል!"

"ምሎ መክዳት ነው፣ ቃልዬ። እናቴ ናት።"

ይህን ስትል ቀልድ እንዳልሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። ለእሷ ትልቁ ፈተና የዓርቡ ሳይሆን የቅዳሜው ነበር። ደግሞም በዚያው እናቷን ይዛ ልትመጣ፣ ሰኞ ልብ ክሊኒክ ቀጠሮ አስይዛላቸዋለች።

እማማ እንኳየሁ ረቡዕ ዕለት ሞቱ።

የዚያን ዕለት ምሽት ዓይናዲስ ኮሶዬ ቤታቸው ደውላ ነበር። ታናሽ እህቷ ወንጌላዊት አነሣችው። "እማ ጸበል ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም" አለቻት። "ድምፅሽ ምነው?" ስትላት "ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለች። ልጅቱ የለቅሶው ድምፅ እንዳይሰማ ስልኩን ይዛ እርሻ መሐል ድረስ ሮጣ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። እንዳይነገራት የወሰኑት አባቷ ናቸው፤ ዘመድ ሁሉ ተስማማ። ዓርብ ትፈተን፣ ከዚያ ይነገራት ተባለ። ለእትዬ ውቢት ተደወለላቸው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ሐሙስ ጧት እትዬ ውቢት ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ለባብሰው ግቢው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናዲስ ደጃፋችን ላይ ተቀምጣ ለቃለ መጠይቁ ስታጠና አየቻቸው።

"ወዴት ነው በጧት፣ እትዬ?"

"ኮሶዬ የሰው ለቅሶ አለብን" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"ማን ሞተ?"

"ዘመድ ናት። አታውቂያትም።"

ዓይናዲስ ነጠላቸውን አየችው። ጥቁር ጥለቱ ተተልትሎ ጫፉ ተቀዷል። "ይሄንንማ ለብሰው ሰው ፊት አይቆሙም" ብላ ወደ ቤት ገብታ የራሷን ጥቁር ጥለት ነጠላ አመጣች። እሳቸው "ግዴለም፣ ተይው" ቢሉም አልሰማቻቸውም። አሮጌውን አንሥታ የራሷን በገዛ እጇ አዘቅዝቃ አለበሰቻቸው። ከዚያ "እግዜር ያጽናቸው በሉልኝ" አለች። "አባቴንም ካገኙ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች በሉልኝ።"

እትዬ ውቢት "እሺ" ብቻ ብለው ወጡ። እኔ ደግሞ ከኋላቸው "እትዬ፣ ዛሬ አልቃሾቹን ሁሉ ሥራ ሊያስፈቱ ነው!" ብዬ ሳቅሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ አያጡም። ዘወር ብለው እንኳ አላዩኝም።

እንግዲህ ይህን ነው እስከ ዛሬ መዋጥ ያቃተኝ። እናቷን ሊቀብሩ የሄዱት ሴት የእሷን ነጠላ ለብሰው፣ የእሷን "እግዜር ያጽናችሁ" ተሸክመው ነው የሄዱት። አባትዬውም መልእክቱ ደርሷቸዋል። ኮሶዬ ሩቅ አገር አይደለም። ጧት ሚኒባስ የተሳፈረ ሰው ቀብር ላይ ቆሞ፣ አፈር መልሶ፣ በማግሥቱ ለፈተና ይደርሳል። ይህንን አንድ ሰው እንኳ አላሰበውም። ለሰው ማዘን ማለት ከሰው መደበቅ የሚመስላቸው ዘመዶች መሐል ነው ያደግነው፤ ደግነታቸውን አልክድም፤ ግን ያናድደኛል።

ዓርብ ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። እንጀራ አቅርቤላት ሳትጎርስ ታወራልኛለች። ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። ሁለቱ በእንግሊዝኛ ጠይቀዋት ሲጨርሱ፣ ሦስተኛዋ ሴትዮ ጽሑፉን አንሥተው በአማርኛ፣ "እናትሽ አሁን እንዴት ናቸው?" አሏት።

"ጸበል ላይ ናት፤ ነገ ሄጄ አመጣታለሁ አልኳቸው። 'ይህን መጻፍሽን ያውቃሉ?' አሉኝ። ገና ነው፣ ነገ አስፈቅዳታለሁ ስላቸው ሁሉም ሳቁ። ሴትዮዋ ምን አሉኝ መሰለሽ? 'ሰላምታ ይወዳሉና፣ ከእኔም ሰላምታ አድርሺልኝ።'"

ተሳሳቅን። እትዬ ውቢት ከበራችን ፊት ለፊት የተዋሱትን ነጠላ እያጠቡ ነበር። እጃቸው ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ዓይናዲስ "እትዬ፣ ምነው ደከሙ? እኔ አጥበው ነበር እኮ" ስትላቸው "ሳሙናው ዓይኔ ገባ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ነጠላውንም እዚያው ትተውት ሄዱ። ዓይናዲስ ጨምቃ አሰጣችው። ከሰዓት በኋላ ወጥታ ለእናቷ ብርቱካንና ሹራብ ገዝታ መጣች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ ዕቃዋን ይዛ በሩን ከፈተችው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎች፣ ከኮሶዬ የመጡ ዘመዶች፣ የቁስቋም ጎረቤቶች፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ቆመዋል። እኔ ከኋላዋ ነበርሁ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "እትዬ ውቢት ሰው ሞቶባቸዋል" አለችኝ በሹክሹክታ። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ሰዉን አልፋ ሄዳ እትዬ ውቢትን አቀፈቻቸው። "አይዞዎት" አለቻቸው። "አይዞዎት እትዬ፣ ማን ነው?"

እትዬ ውቢት ያን ጊዜ ጮኹ። "ያንቺ ናት! ዓይኔ፣ ያንቺ እናት ናት!"

መርዶ እንዲህ ነበር የተነገራት፤ አጽናኝ ሆና ሄዳ። እኔ አፌን በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። በኋላ እትዬ ውቢትን "ለእኔስ ምነው ሳይነግሩኝ?" ብላቸው "ላንቺ የነገሩት ለአደባባይ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ ሐሙስ ጧት እጇን ይዤ ኮሶዬ አደርሳት ነበር።

ለቅሶ ቤቱ ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። ዓይናዲስ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። አባቷ ፊት ቁማ "መቼ ነው የተቀበረች?" ብላ ብቻ ጠየቀች። ሐሙስ መሆኑን ስትሰማ ወደ እትዬ ውቢት ዞር ብላ አየቻቸው። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ "እኛን አትቀየሚ ልጄ፤ እናትሽ ናት ያዘዘችው" አሉ። "ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትነግሯት ብላ አስምላን ነው የሞተች። እስከ መጨረሻዋ ላንቺ ስታስብ ነበር።" ሰዉ ሁሉ "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ። አባቷ አንገታቸውን ደፉ።

ይህ ቃል አነሣት። ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የምታወራው እሱን ነበር። "ለፈተናው እንዲህ ከተጨነቀች፣ ጽሑፉንም ብታውቀው አትከለክለኝም ነበር ማለት ነው። አይደል ቃልዬ? ፈቅዳልኛለች ማለት ነው።" "ፈቅደውልሻል እንጂ!" አልኳት። ከዚያ ስሟ ፈተናውን ካለፉት ጋር ተለጠፈ። "ለእናቴ ስል እገባለሁ" አለች። በላች፣ ተኛች፣ ሥራ ገባች። ያቺ የእናቷ ትእዛዝ ነበረች ሰው አድርጋ ያቆመቻት።

ለአርባው አብረን ሄድን። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲያልቅ፣ ቄስ ሐብተ ማርያም ልጃቸውን ከቤቱ ጓሮ ካለው የድንጋይ ካብ አጠገብ ጠሯት። እኔ ልቀር ስል "ነይ" ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እሳቸውም አልከለከሉኝም። ሽበታቸው በአርባ ቀን ውስጥ የጨመረ መሰለኝ።

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ ቅዳሴ አልገባሁም" አሏት።

"ምነው አባ? አመመዎት?"

"አላመመኝም። ዋሽቼሻለሁ፣ ሌሎቹም ሲዋሹሽ ዝም ብያለሁ። በዚህ አፌ እግዚኦታ እንዴት ልበል? ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። 'መጀመሪያ ልጅህን ይቅርታ ጠይቅ' አሉኝ።"

ዓይናዲስ ካቡን ተደገፈች።

"እናትሽ አላዘዘችም፣ ልጄ። ስለ ፈተናም አንድ ነገር አልተናገረች። ስትጠራሽ ነው የዋለች። ከጧት ጀምሮ 'ዓይናዲስን ጥሩልኝ' ትላለች። እኔ እንደ ወትሮው ያልፍላታል ብዬ፣ አንቺንም ከደረስሽበት እንዳላደናቅፍሽ ብዬ፣ 'ተጠርታለች፣ እየመጣች ነው' አልኋት። ትንሽ ቆይታ 'ደረሰች?' ትለኛለች። 'መኪና ውስጥ ናት፣ ቀርባለች' እላታለሁ። ከምሳ በኋላ በሩን ክፈቱት አለች። ብርዱ ይጎዳሻል ብንላት እምቢ አለች። ፊቷን ወደ በሩ አዙረን አስተኛናት። ወንጌላዊት አላስችል ብሏት ልትደውልልሽ ስትል ስልኩን የቀማኋት እኔ ነኝ። በሩን እንዳየች ነው ያለፈች። ይቅር በይኝ።"

አጠገባችን ዶሮዎች ከአርባው የተረፈ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ዓይናዲስ አባቷን ብዙ አየቻቸው። ትጮሃለች ብዬ ፈራሁ። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸው ማልቀስ ጀመሩ፤ እሷ ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"እንግዲያው የፈቀደችልኝ ነገር የለም" አለች ለራሷ።

"ምኑን ልጄ?"

"ምንም አይደል አባ። ስንት ሰዓት ነበር?"

"አሥር ሰዓት ገደማ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል።"

ወደ እኔ ዞረች። "ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት ላይ ምን እያደረግሁ ነበር?"

አውቀዋለሁ። አፌን ሳልከፍት ራሷ መለሰችው።

"ጸጉሬን እየተሠራሁ ነበር" አለች።

የሠራኋት እኔ ነኝ። ለዓርብ እንድታምር ብዬ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጫት ሹሩባ ስሠራት ነው የዋልሁት። እሷ ስትስቅ ጭንቅላቷ እየተነቃነቀ ያስቸግረኝ ነበር።